ዐሥራ ስምንት ጉድጓድ፣ አንድ የወል ሜዳ

የገና ዕለት ከቀትር በኋላ ያለውን ሰዓት፣ በማሻና በመካነ ሰላም ደጋ ያደገ ሰው ዕድሜውን ሙሉ አይረሳውም። ቅዳሴው አልቆ እህል ውሃ ከተቀመሰ በኋላ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ከሜዳው ዳር ይቀመጣሉ፤ ጎበዛዝቱ ጫፉ የቆለመመ ዱላቸውን እንደ ያዙ በሁለት ወገን ይሰለፋሉ፤ ሙስሊሙም ጎረቤት ልጆቹን አስከትሎ ለማየት ይወጣል። ሩሩ ከመሬት ወድቆ የመጀመሪያው ዱላ ሲያርፍበት የሚነሣው ጩኸት ከጋራ እስከ ጋራ ይሰማል። በዚያ ቀን ባለጠጋና ድኻ፣ አዛዥና ታዛዥ እኩል ይጋፋሉ፤ ጌታም በሎሌው እንዳይቆጣ የቆየው ልማድ ያዛል።

ሜዳው የማን ነው ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። ትናንት ከብት ውሎበታል፤ ነገም ይውልበታል። የሁሉም ስለ ነበረ የማንም አልነበረም።

በቅርቡ ከአንድ ወዳጃችን ጋር ስለ ጨዋታ ዓይነት ስንነጋገር ነገሩ ጎልፍ ወደሚባለው የፈረንጆች ጨዋታ ዞረ። ወዳጃችንም፣ «እሱን ተወው፤ የሀብታም ጨዋታ ነው፤ አጥር አለው፤ ዘበኛ አለው» አለን። አልፈረድንበትም። በአገራችን ጎልፍ ሲነሣ ለብዙ ሰው ትዝ የሚለው በአዲስ አበባ በአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ በኩል ከብዙ ዘመን ጀምሮ የሚታወቀው የጎልፍ ክለብ፣ ወይም በእንግሊዝ ኤምባሲ ግቢ ውስጥ ከዛፎቹ መካከል ያለው መጫወቻ ነው። ሁለቱንም ከአጥር ውጭ ሆኖ የሚገምታቸው ሰው ይበልጣል።

ነገር ግን ጎልፍ ስም ያወጣበትና ከሁሉ ይልቅ የተከበረው ሜዳ እንደዚህ አይደለም። አጥር የለውም፤ በመካከሉም የሕዝብ መንገድ ያልፍበታል። ዛሬ ደግሞ እሑድ ነው። በእሑድ ቀን በዚያ ሜዳ ላይ፣ ታላቅ ውድድር ካልተደረገ በቀር፣ ጎልፍ መጫወት የተከለከለ ስለ ሆነ ማንም ሰው ልጁንና ውሻውን ይዞ ይንሸራሸርበታል። እንግዲህ ዱላም ኳስም የሌለን እኛ ለመግባት የተመቸን ቀን ይህ ነው። አንባቢዎቻችን ጋቢያችሁን ደርባችሁ በሐሳብ ተከተሉን፤ ከባሕር የሚመጣው ነፋስ ብርቱ ነው።

ወደ ሜዳው ከመግባታችን በፊት

ያለነው በስኮትላንድ ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ ሴንት አንድሩስ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ከተማዋ በስኮትላንድ ከሁሉ የሚቀድመው ዩኒቨርሲቲ በ1413 የተመሠረተባት ናት። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።) በከተማዋና በባሕሩ መካከል ለእርሻ የማይረባ፣ አሸዋማና ጎርበጥባጣ ሣር ያለበት መሬት አለ። ሕዝቡ ከብቱን ያሰማራበት፣ ልብሱን ያሰጣበት፣ ኳስም የመታበት ይህ ነው። ከዚያው ከቀደመው መጫወቻ የተነሣ «አሮጌው ሜዳ» ተብሎ ይጠራል።

ጨዋታው ገና በጧቱ ጠላት አልታጣበትም። በ1457 የስኮትላንድ ንጉሥ የጄምስ ሁለተኛ ፓርላማ እግር ኳስና ጎልፍ ፈጽመው እንዲቀሩ አወጀ፤ ምክንያቱም ጎበዛዝቱ ኳስ እያሉ የቀስት ልምምድ ተዉ፣ ጦር ቢመጣ ማን ይመክታል የሚል ነበር። አዋጁ ሁለት ጊዜ ቢታደስም ጨዋታው አልቆመም። በ1502 ጄምስ አራተኛ ራሱ የጎልፍ ዱላ ገዛ ተብሎ በመዝገብ ላይ ተጻፈ። ንጉሡ ከተረታ ሌላው እንዴት ይቆማል?

ከዚያ የሚበልጠው ነገር በ1552 ሆነ። ሊቀ ጳጳሱ ጆን ሐሚልተን በዚያ ሜዳ ላይ ጥንቸል እንዲያረባ በተፈቀደለት ጊዜ፣ የከተማው ሕዝብ በሜዳው ላይ ጎልፍና እግር ኳስ የመጫወት፣ ከብትም የማሰማራት መብቱ የተጠበቀ እንደ ሆነ በጽሑፍ አረጋገጠ። ያች ወረቀት ምን ያህል እንደ ጠቀመች በመንገዳችን ላይ እናያለን።

ስለ አጨዋወቱም ጥቂት እንበል። ከ45.93 ግራም የማትበልጥ ትንሽ ኳስ ከመነሻው በዱላ ተመትታ፣ ስፋትዋ 10.8 ሳንቲ ሜትር ከሆነች ጉድጓድ መግባት አለባት። በጥቂት ምት ያስገባ አሸናፊ ነው። በመነሻውና በጉድጓዱ መካከል ያለው መስክ ሁሉ ራሱ «ጉድጓድ» ይባላል፤ ከጉድጓዱ ዙሪያ ያለው፣ እንደ ምንጣፍ የተላጨው ሣር ደግሞ «ግሪን» ነው። በመንገዱ ላይ ኳስ የሚውጡ የአሸዋ ጉድባዎች አሉ፤ በአሮጌው ሜዳ ቁጥራቸው 112 ነው። በገና ሩሩ አንድ ሆኖ ሰው ሁሉ ይሻማበታል፤ በጎልፍ ግን እያንዳንዱ የየራሱን ኳስ ስለሚመታ፣ ትግሉ ከሰው ጋር ሳይሆን ከመሬቱ፣ ከነፋሱና ከገዛ ልብ ጋር ነው።

የሜዳው ካርታ ቢታይ ቀጥ ብሎ ይሄድና ከጫፉ ይቆለመማል። እነሱ የእረኛ ዱላ ይመስላል ይላሉ፤ እኛ ደግሞ የገና ዱላ ነው እንላለን። ርዝመቱ በትልቁ ውድድር ጊዜ ወደ 6,700 ሜትር ይደርሳል፤ ጎበዝ ተጫዋች በ72 ምት ይጨርሰዋል ተብሎ ይታሰባል።

መሄጃው

አንደኛው ጉድጓድ «ጅረት» ይባላል። መነሻው ከከተማው ቤቶች ሥር ነው፤ ሜዳው ከ18ኛው ጋር ተያይዞ እጅግ ሰፊ ስለ ሆነ ለጀማሪ የሚያስፈራ አይመስልም። ሆኖም ከግሪኑ ፊት ለፊት ስዊልከን የሚሉት ትንሽ ጅረት ይፈስሳል፤ ልጅ በአንድ ዝላይ የሚሻገረው ሲሆን የብዙ ጎበዞችን ኳስ ጠጥቷል። እዚሁ ላይ አንድ አስደናቂ ነገር እናያለን። ከከተማው ወደ ባሕሩ ዳር የሚወስድ የሕዝብ መንገድ አንደኛውንና 18ኛውን ጉድጓድ አቋርጦ ያልፋል። እግረኛ ሲመጣ ተጫዋቹ፣ በዓለም የታወቀ ቢሆንም እንኳ፣ ዱላውን አውርዶ ይጠብቃል።

ሁለተኛው «ካብ» ነው። በግራው ያለው ጉድባ ቺፕ በሚባል ስም ይጠራል፤ ይህን ስም አንባቢዎቻችን ይያዙልን፣ ስንመለስ እንፈልገዋለን። ግሪኑንም ልብ እንበለው። በዚህ ሜዳ ላይ የሚሄዱትና የሚመለሱት በአንድ ግሪን ላይ ይገናኛሉ። ሁለተኛው ከ16ኛው፣ ሦስተኛው ከ15ኛው እንዲህ እያለ ሰባት ግሪኖች ለሁለት ለሁለት ጉድጓድ ያገለግላሉ፤ የሁለቱ ቁጥር ሲደመር ሁልጊዜ 18 ይሆናል። የራሳቸው ግሪን ያላቸው አንደኛው፣ ዘጠነኛው፣ 17ኛውና 18ኛው ብቻ ናቸው። በጠባብ መሬት ተሳስቦ መኖር እንዲህ ነው።

ሦስተኛው «የጋሪ መንገድ» ስለ ሆነ እንደ ስሙ ቶሎ እንለፈው። አራተኛው ግን «የዝንጅብል ቢራ» ይባላል። በ19ኛው መቶ ዓመት አንድ ሰው በዚህ ቦታ ለተጠሙ ተጫዋቾች የዝንጅብል ቢራ በጋሪ ይሸጥ ነበርና ስሙ እስከ ዛሬ ቀረ። ለነገሥታትና ለመኳንንት ሐውልት በሚቆምበት አገር ለመጠጥ ሻጭ ይህን የመሰለ መታሰቢያ መገኘቱ ደስ አሰኘን። በእኛም አገር በገና ሜዳ ዳር ጋን አስቀምጠው ጠላ የሚቀዱት እናቶች ስማቸው ቢጻፍ ይገባቸው ነበር።

አምስተኛው «የመስቀል ጉድጓድ» ረዥም ነው፤ ከ500 ሜትር ያልፋል። በስተቀኙ «ሰባቱ እኅትማማቾች» የሚባሉ ጉድባዎች ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ግሪኑ ከ13ኛው ጋር አንድ ስለ ሆነ ስፋቱ ያስደንቃል፤ ኳሱን ግሪኑ ላይ አሳርፎ ሳለ ከጉድጓዱ በስልሳና በሰባ ሜትር የሚርቅ ሰው ይኖራል። ደረስሁ ብሎ ገና አለመድረስ ማለት ይህ ነው።

ስድስተኛው ስሙን ያገኘው በስኮትላንድ ኮረብታ ላይ ከሚበቅለው አጭር ቁጥቋጦ ነው። ይህ ቁጥቋጦ በቦረና በደንቆሮ ደን ዳርቻ የምናውቀው የአስታ ዘመድ ነው። ከመነሻው ቆሞ የሚመታ ሰው ኳሱ የሚያርፍበትን አያይም፤ ልምዱን አምኖ ይመታል። ሰባተኛው «ከፍተኛው» የገና ዱላው መቆልመም የሚጀምርበት ነው፤ መንገዱ ከ11ኛው ጋር ስለሚሻገር የሚሄደው ለሚመጣው፣ የሚመጣው ለሚሄደው መጠንቀቅ አለበት።

ስምንተኛው «አጭሩ» ይባላል፤ በአንድ ምት ግሪኑ ላይ መድረስ ይቻላል። እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር እናስላ። ይህ ሜዳ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ አይልም፤ አየሩ ወፍራም ነው፤ ነፋሱም ኳሱን ይይዘዋል። መካነ ሰላም ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። በዚያ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ኳሱን የሚያግደው ኀይል ይቀንሳልና፣ እዚህ 150 ሜትር የሚሄደው ምት በእኛ ደጋ 165 ሜትር ያህል ይሄዳል። ሩር የሚመታ የአገራችን ጎበዝ ይህን ስሌት ሳይሰማ ኖሯል፤ ክንዱ ግን ያውቀዋል።

ዘጠነኛው «መጨረሻው» ይባላል፤ ግማሹን መንገድ ጨረስን። ሜዳው ጠፍጣፋ ነው፤ የሚያስቸግርም አይመስልም። የደከመው ሰው የሚሳሳተው ግን እንደዚህ ባለው ቦታ ነው።

መመለሻው

ዐሥረኛው በአንድ ሰው ስም ተጠርቷል፤ ቦቢ ጆንስ የተባለ አሜሪካዊ ነው። ታሪኩ ግን ከሚቀጥለው ጉድጓድ ይጀምራልና ወደ 11ኛው እንለፍ። 11ኛው አጭር ነው፤ ወደ 160 ሜትር ብቻ። ከበስተኋላው የኤደን ወንዝ ከባሕር ጋር ይገናኛል፤ ከግሪኑ ፊትና ጎን ሁለት ክፉ ጉድባዎች አሉ። በ1921 ጆንስ ገና የ19 ዓመት ወጣት ሳለ ኳሱ ከአንደኛው ጉድባ ገባችበትና መታ፣ መታ፣ አልወጣለትም። በመጨረሻ ተናድዶ ውድድሩን ተወ። ሜዳው የማይረባ ነው ብሎም ጠላው።

ነገሩ በዚህ ቢቀር ኖሮ የብዙ ወጣት ታሪክ በሆነ። ጆንስ ግን ተመልሶ መጣ። በ1927 በዚሁ ሜዳ ታላቁን ውድድር አሸነፈ፤ በ1930ም በዚሁ ሜዳ የአማተሮችን ውድድር አሸነፈ። የጠላውን ሜዳ እያደር ከሁሉ አብልጦ ወደደው። በ1958 ሰውነቱ በሕመም ከደከመ በኋላ ከተማዋ የክብር ዜግነት ሰጠችው፤ ከእርሱ በፊት ይህን ክብር ያገኘ አሜሪካዊ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ብቻ ነበር። በ1971 ካረፈ በኋላም እስከዚያ ስም ያልነበረው ዐሥረኛው ጉድጓድ በስሙ ተጠራ። በተሸነፈበት ጉድጓድ አጠገብ ስሙ መቆሙን እናስተውል።

በ12ኛው ጉድጓድ ላይ ከመነሻው ሲታይ አንድም ጉድባ የለም፤ ኳሱ ግን ይጠፋል። ጉድባዎቹ ከጉብታ ኋላ የተሸሸጉ ናቸው። ምክንያቱን ስናጠያይቅ፣ በጥንት ዘመን ሜዳው ተራ በተራ በሁለቱም አቅጣጫ ይጫወቱበት ስለ ነበር፣ ከዚያኛው ወገን ለሚመጣው በግልጥ የሚታዩ ናቸው አሉን። ብዙዎቹ ጉድባዎች በሰው እጅ አልተቆፈሩም፤ በጎች ከባሕር ነፋስ ሲሸሹ ተኝተው ያጎደጎዱአቸው ናቸው ይባላል።

13ኛው ላይ «የሬሳ ሣጥኖች» የሚባሉ ጉድባዎች አሉ። ስማቸው ይበቃል፤ እንለፍ።

14ኛው «ረዥሙ» ከሁሉ ይረዝማል፤ በውድድር ጊዜ 565 ሜትር ያህል ነው። በመካከሉ ያለው ጉድባ «ሲኦል» ይባላል፤ ጥልቀቱ ወደ 3 ሜትር ነው። በ1995 ጃክ ኒክላውስ፣ በዚህ ሜዳ ላይ ሁለት ጊዜ ታላቁን ውድድር ያሸነፈው ሰው፣ ከዚህ ጉድባ ለመውጣት አራት ጊዜ መትቶ ጉድጓዱን በ10 ምት ጨረሰ። እስከዚያ ድረስ ያገኘው ክብር ሁሉ አንድ ምት አልቀነሰለትም። በገና ቀን ጌታና ሎሌ እኩል እንደሚሆኑ ሁሉ አሸዋም ሰው አይመርጥም።

15ኛው ሁለተኛው «የጋሪ መንገድ» ነው፤ ከዚህ ወዲያ የከተማው ግንቦችና ማማዎች ቀረብ ብለው ይታያሉ። 16ኛው «የካቡ ማዕዘን» በስተቀኙ ቀድሞ ባቡር ያልፍበት ነበር፤ መስመሩ በ1969 ተዘጋ። ከመካከሉ «የርእሰ መምህሩ አፍንጫ» የተባሉ ሦስት ጉድባዎች አሉ። ሕዝብ ለሜዳው ስም ሲያወጣ ማንንም እንደማይፈራ ከዚህ ይታወቃል።

አሁን የያዝነውን ስም እንፍታ። በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የከተማው ምክር ቤት ዕዳ ስለ በዛበት ሜዳውን ከእጁ አወጣ። ሜዳውም በጥንቸል ነጋዴዎች እጅ ወደቀ። ጥንቸሎቹ መሬቱን ቆፈሩት፤ ተጫዋቾቹና ነዋሪዎቹ ተነሡ፤ ጠብና ክርክር ለሃያ ዓመት ያህል ቆየ። በዚህ ክርክር ላይ የ1552ቱ ጽሑፍ ሕዝቡ የሚያነሣው መብት ፈጠራ አለመሆኑን የሚያሳይ ምስክር ነበር። በ1821 ጄምስ ቺፕ የተባለ የአካባቢው ባለ ርስት ሜዳውን ገዝቶ ለጎልፍ አዳነው፤ ከሁለተኛው ጉድጓድ ያየነው ጉድባ በቤተሰቡ ስም ይጠራል። በ1894 ደግሞ በፓርላማ ሕግ ሜዳው ወደ ከተማው እጅ ተመለሰ፤ በ1974ም ሜዳውን በአደራ የሚያስተዳድር አካል እንደ ገና በሕግ ተቋቋመ። ዛሬ ከሩቅ አገር የመጣ ሀብታም ቢሆን እንኳ ተራ ለማግኘት አብዛኛውን ጊዜ ስሙን ለዕጣ ያገባል።

17ኛው «መንገድ» ይባላል፤ ርዝመቱ 453 ሜትር ያህል ሲሆን በዓለም ከሚፈሩት ጉድጓዶች አንዱ ነው። ተጫዋቹ የመጀመሪያውን ኳስ በሆቴል ግቢ ማዕዘን ላይ አሳልፎ መምታት አለበት። ከግሪኑ ፊት ትንሽ፣ ግን ጥልቅ ጉድባ አለ፤ ከበስተኋላው ደግሞ መንገድና የድንጋይ ግንብ። በ1978 ናካጂማ የተባለው ጃፓናዊ ኳሱን በሁለት ምት ግሪኑ ላይ ካደረሰ በኋላ፣ በለስላሳ ምት ወደ ጉድጓዱ ሊገፋት ሲል ተንከባልላ ጉድባው ገባችበት፤ ለመውጣት አራት ምት ጨረሰ፣ ጠቅላላውም 9 ሆነ። በ1984ም ቶም ዋትሰን ለድል ሲገሰግስ ኳሱ መንገዱን ተሻግራ ከግንቡ ሥር አረፈች፤ ድሉም ለስፔናዊው ለሴቬ ባልስቴሮስ ሆነ። ግንቡና መንገዱ ተጫዋቹን ለመፈተን አልተሠሩም። እነሱ ከጨዋታው ውጭ የራሳቸው ሥራ ነበራቸው፤ ጨዋታው ተቀበላቸው እንጂ።

18ኛው በቶም ሞሪስ ስም ይጠራል። ወደዚያ ለመድረስ በስዊልከን ጅረት ላይ ያለችውን ትንሽ የድንጋይ ድልድይ እንሻገራለን። ዕድሜዋ ሰባት መቶ ዓመት ያህል ነው ይባላል፤ የተሠራችውም እረኞች ከብታቸውን እንዲያሻግሩባት ነበር። የዓለም ሻምፒዮኖች ከዚህ ጨዋታ ሲሰናበቱ ቆመው እጃቸውን የሚያውለበልቡት በዚህች የከብት መሻገሪያ ላይ ነው።

ቶም ሞሪስ በ1821 በዚችው ከተማ ተወለደ። ታላቁን ውድድር አራት ጊዜ አሸንፏል፤ ከሁሉ የሚበልጠው ሥራው ግን ወደ አርባ ዓመት ለሚሆን ጊዜ የሜዳው ጠባቂ ሆኖ ማገልገሉ ነው። ግሪኖቹን አሰፋ፤ የ18ኛውንም ግሪን ራሱ ሠራ። የእሑድን ዕረፍት አጥብቆ ያስከበረ እርሱ ነበር፤ ተጫዋቹ ዕረፍት ባያስፈልገው ሜዳው ያስፈልገዋል ይል እንደ ነበር ይነገራል። በ1908 ሲሞት ዕድሜው 86 ነበር።

ከግሪኑ ፊት «የኃጢአት ሸለቆ» የሚሉት ጎድጓዳ ስፍራ አለ። በ1995 ኢጣልያዊው ሮካ ከዚህ ሸለቆ በአንድ ረዥም ምት አስገብቶ ሜዳውን በእልልታ አስደነገጠ፤ ሆኖም በተጨማሪው ጨዋታ ተሸነፈ። በ1970 ደግሞ ዳግ ሳንደርስ የአንድ ሜትር ርቀት እንኳ ከማትሞላ ቦታ ሳተ፤ በማግሥቱም በተደረገው ጨዋታ ኒክላውስ አሸነፈው። ያን ሁሉ ርቀት ተጉዞ ከአንድ ሜትር በታች መሳት! ጎልፍ ከባድ ነው የሚባለው ስለ ርቀቱ እንዳይደለ ይህ በቂ ምስክር ነው።

አምስት እርምጃ

ጉዞአችን እዚህ ላይ ያበቃል። ከቤቶቹ ሥር ሆነን ወደ ኋላ ስንመለከት፣ አሮጊቶች ውሻቸውን ይዘው በ18ኛው ላይ ያልፋሉ፤ ልጆች ከ«ጅረት» ዳር ይሯሯጣሉ። ነገ ሰኞ ሜዳው ለጨዋታው ይመለሳል።

ይህን ሁሉ ስናወራ በልባችን የነበረው ሌላ ሜዳ ነው። በልጅነታችን ገና የተጫወትንበት ሜዳ፣ ከዓመታት በኋላ ሄደን ብናየው፣ ጠቦ አገኘነው። አንድ ሰው በአንድ ቀን አልወሰደውም። መጀመሪያ አንዱ ማገዶውን ከዳር ከመረ፤ ሌላው በክምሩ አጠገብ ድንች ተከለ፤ ድንቹን ከብት እንዳይበላው አጥር ሆነ፤ አጥሩ ቤት ወለደ። ሩር ከበሩ ወዲህ ሲወድቅ ከሰው ጓሮ የሚገባበት ሆነ። ልጆቹም ጨዋታውን ወደ መንገድ አወጡት፤ መንገድ ላይ መኪና መጣ።

እኛም ከዚህ ወቀሳ ነጻ አይደለንም። አባታችን የግቢያቸውን አጥር ባደሱ ጊዜ አምስት እርምጃ ያህል ወደ ሜዳው ገፋ አድርገው ሲተክሉ፣ እንጨቱን እያቀበልን የቆምነው እኛው ነበርን። ጎረቤት አይቶ ዝም አለ፤ በሚቀጥለው ዓመት ጎረቤትም ገፋ፣ እኛም አይተን ዝም አልን። አባታችን ክፉ ሰው አልነበሩም። ሜዳው የማንም ነው ብለው ነበር ያሰቡት፤ የሁሉም ነው ብሎ የነገራቸው ሰው አልነበረም፤ የተጻፈም ነገር አልነበረም።

የሴንት አንድሩስ ሰዎች ከእኛ የተሻለ ሣር ወይም የበለጠ መሬት አልነበራቸውም። ምክር ቤታቸው ዕዳ አለበት ብሎ ሜዳቸውን እስከ መስጠት ደርሶ ነበር። ያዳናቸው፣ አንደኛ መብታቸው በ1552 ተጽፎ መቀመጡ፣ ሁለተኛ በጠፋ ጊዜ ዝም አለማለታቸው፣ ሦስተኛም ካስመለሱ በኋላ በሕግ ማሰራቸው ነው። ከዚህም ጋር ሜዳው ሰባተኛውን ቀን እንዲያርፍ አደረጉ፤ የሚያልፈውን መንገድ አልዘጉም፤ የከብት ድልድዩን አላፈረሱም።

በእኛስ አገር በየከተማውና በየመንደሩ የቀረው የወል ሜዳ ወሰኑ ይታወቃልን? ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ ከየት እስከ የት እንደ ነበረ ጠይቆ የጻፈ አለን? ይህ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ነው፤ ወረቀት፣ እርሳስና አንድ ከቀትር በኋላ ይበቃዋል።

ለመጪው ገና ወደ አገር ቤት ለመሄድ ዐስበናል። ዱላ የሚያቆለምም ጎበዝ አሁንም አይጠፋም፤ ሩርም ይገኛል። ከጨዋታው በፊት ግን ከወንድሞቻችን ጋር አንድ ሥራ አለብን፤ አጥሩን ነቅለን አምስት እርምጃ ወደ ኋላ መመለስ። እንጨቱን ሲተከል ያቀበልን እኛ ነበርንና፣ ሲነቀልም የምንሸከመው እኛው ነን።